ሰማኒያ ፓውንድ ውለታ

ነይ ኮሪን ልጄ፣ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ። እሱን ወንበር ተይው፣ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ባለፈው ዓመት ፓስተሩን ከነቡናቸው ጥሏቸዋል። ይሄኛው ይሻላል። ብይ፣ ፓንኬክ ከበረደ ካርቶን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስገለብጥ ቆይቼ አሁን ገና ነው ተራዬን ለሌላ ያስረከብኩት። ሽሮፑን ጨመር አድርጊበት እንጂ፣ ምን ትሰስቻለሽ? እዚህ አይዋ ውስጥ ሰው በብዙ ነገር ይታማል፣ ጣፋጭ በመውደድ ግን አይታማም።

ቀኑ እንዴት ያምራል! ነሐሴ እንዲህ ንፋስ አጥቶ አያውቅም። በቆሎውን ከላይ አየሽው? እኛ መሬት ላይ ያለነው አገዳውን ብቻ ነው የምናየው፤ ከላይ ሲያዩት ምንጣፍ ነው ይላሉ። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅር በይኝ። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ጆሮው ደክሟል፤ እኔም ከሱ ጋር ስጮህ ኖሬ ሹክ ማለት ጠፋኝ። ከኋላሽ ያለው ጠረጴዛ ሳይሰማኝ አይቀርም… አይ፣ አትዙሪ። ይስማ። የአብራሪዎች ቁርስ ላይ ምን ምስጢር አለ?

አዎ፣ ባሌ እሱ ነው፤ ያ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰው። ዴልማር ይባላል። ስታርፊ በእጁ ምልክት እየሰጠ ቢጫ አውሮፕላንሽን ሣሩ ላይ ቦታ ያስያዘልሽ። ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ፀሐይ ላይ ነው። እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ አየሽው? እኔ አንዳንዴ በመስኮት ሳየው፣ አሁንስ ተነስቶ ሄደ እላለሁ። አይሄድም። የሚያርፈውን ይቀበላል፣ የሚነሳውን ይሸኛል። ይሄም ሥራ ነው፤ ሁሉም ከበረረ ማን ይቀበላል?

ያቺ ብርማዋ? ሰው ከቧት ፎቶ የሚያነሳት? ዓይንሽ ጥሩ ነው። አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረው ፕሮፔለሯ ላይ ሰማያዊ ሪባን ታስሮላታል፣ በዛሬው የአሮጌ አውሮፕላኖች ውድድር አንደኛ የወጣችው እሷ ናት። በወረቀት ባለቤቶቿ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ከጦርነቱ እንደተመለሰ ነው አዲሷን የገዛት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ሁለቱም ጢማቸው ሳይበቅል መብረር የተማሩት በሷ ነው። አባትየው ሲሞት ‘ለሁለታችሁ’ ብሎ ተወላቸው፤ እሁድ እሁድ በየተራ ሲበሩባት አረጁ። አንደኛው ወንድም ዴልማር ነው። ሁለተኛው… ስም አልጠራም። ስሙ ከፍ ያለ ሰው ነው፣ በኔ አፍ ቢጠራ ዝቅ ይላል። ታናሽየው ነው ልበልሽና ይብቃ። ጥሩ ሰው ነው! የዋለልንን ውለታ ልርሳው ብል እንኳ አልችልም፤ በየሌሊቱ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ይልቅ አንቺ አውሮፕላንሽን ልታድሺ ነው አሉ። ጠንከር ያለ ሞተር ልታስገቢላት? አድሺያት እንጂ፣ ምን ገደደሽ! አሮጊት ሁሉ ይታደሳል፣ እኔን ጉልበቴን ቀይረውልኝ የለ እንዴ? ብቻ አንዳንድ እድሳት… እንዴት ልበልሽ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራልሽ፣ ቡናሽን ጠጪ።

ከስድስት ዓመት በፊት ዴልማር ልቡን ታመመ። ዳነ፣ ተመስገን። መኪና ይነዳል፣ ሣር ያጭዳል፣ እኔን ይነዘንዛል። ግን ለአብራሪዎች ወረቀት የሚሰጡ ሐኪሞች አንዴ ልቡን የታመመ ሰው ሲያዩ ብዕራቸው ይደርቃል። ቀርቦ ከሚከለከል ብሎ ወረቀቱን ሳያሳድስ ተወው። ሕጉን አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፣ ግን እንደ አሮጊት ልድገመው። አውሮፕላኗ ትንሽ ከሆነች፣ ከነሰዉ ከነነዳጁ እንድትሸከም የተፈቀደላት ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ፓውንድ ካላለፈ፣ ቀላል ስፖርት የሚሏት ዓይነት ናት። እሷን ለማብረር የሐኪም ፊርማ አያስፈልግም፤ የመኪና መንጃ ፈቃድና የገዛ ህሊናሽ ይበቃሉ። የአባታቸው አውሮፕላን ደግሞ ከተሠራች ጀምሮ የተፈቀደላት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ነበር። ዴልማር ይሄን ያወቀ ቀን እንዴት እንደሳቀ! ሐኪሙ ጨው ከለከለው፣ ቅቤ ከለከለው፣ ሰማዩን የሚከለክለው ግን ጠፋ። ማለቴ… ለጊዜው ጠፋ።

ታናሽየው ደግሞ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። የሰው ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል… ለማሻሻል ማለቴ ነው። ለሚስቱ የልደት ቀን የሷን ወጥ ቤት አፍርሶ ለራሱ ቢሮ ሠርቶላታል። ታዲያ አመሰገነችው፤ አሁን እህቷ ጋ ሆና ነው የምታመሰግነው።

እና ያን ዓመት በበረዶው ወራት እኛ አሪዞና ሄድን። ልጃችን ወልዳ ነበር። አውሮፕላኗን ለማን አደራ ብለን የሄድን ይመስልሻል? ለባዳ አይሰጥም መቼም። ሚያዝያ ላይ ስንመለስ የአውሮፕላን ቤቱን፣ የሃንጋሩን በር በሰፊው ከፈተልን። አንቺ! አዲስ ሞተር። የቆዳ ወንበር። የሚያብረቀርቅ ሬዲዮ። ከወንበሩ ጀርባ ሰፊ የዕቃ ቦታ። ዴልማር ዙሪያዋን ዞረ፣ ክንፏን ዳሰሰ። ወንድሙን አቀፈው። አቀፈው ስልሽ! አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ‘ይሄን ሁሉ ለኔ?’ አለው። ያኛውም ደግ ስለሆነ፣ አይደለም ብሎ አላሳፈረውም።

ከዚያ ዴልማር ገብቶ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ። ከቆጣሪዎቹ ሥር የተለጠፈች ትንሽ ብረት አለች አይደል፣ የተፈቀደው ክብደት የሚጻፍባት? አዲስ ተለጥፋለች። አንድ ሺህ አራት መቶ ትላለች። ዴልማር ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ይመስል ብረቷን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። ቁጥሩ ግን ቆሻሻ አልነበረም። ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ‘ቆንጆ ሥራ ነው’ አለና ወደ ቤት ገባን።  ያን ቀን እኔ ተናደድኩ… ምን ነካኝ፣ ደስ አለኝ ልል ነው።

ከመስመሩ ያለፈው ሰማኒያ ፓውንድ ነው። ሁለት ከረጢት የዘር በቆሎ እንኳ አይሞላም። ለምን አስፈለገ ካልሽኝ፣ ለጎልፍ ዱላዎቹ ነው። ሚዙሪ የሚጫወትበት ሜዳ አለ፣ ነዳጅ ሞልቶ ወዳጁን ይዞ ሲሄድ ዱላዎቹ ክብደት ስለሚያበዙ አይፈቀዱለትም ነበር። እሱ እንደሆነ የሐኪም ፊርማ አለው፣ ቁጥሩ ከፍ ቢል ምንም አይቀርበትም። ታዲያ ሰው ለወንድሙ ብሎ ጎልፉን ይተው እንዴ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ፤ የኛው ሰው ግን በቆሎ መሐል ተቀምጦ በቆሎ የሚበደር ነው። ያውም በወንድሙ ስም።

እንዳትደነግጪ ልጄ፣ ሞተር መቀየር ኃጢአት አይደለም። አስፈቅደሽ ሞተሩን ቀይሪ፣ ወንበሩን ቀይሪ፣ ቀይ ቀቢያት። ያቺን አንዲት ቁጥር ብቻ አትንኪ። ወንድም ካለሽ ደግሞ… የሃንጋሩን ቁልፍ አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ‘ታዲያ ሞተሩን አውርዶ ቁጥሩን መመለስ ነዋ’ ልትይ ነው። ሁሉም እንዲህ ይላል። እኔም ብያለሁ። አይሆንም። ሕጉ የሚጠይቀው ዛሬ ስንት ተፈቀደልሽ ብሎ አይደለም፤ ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀንም አልፈሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ነው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ብታልፍ አለቀ፣ ክንፏን ቆርጠው ቢያቀሏትም አትመለስም። ዴልማር ደግሞ ሌላ አውሮፕላን መግዛት አይችልም፤ ቢችልም አባቱ የተወለትን የሚተካ የሚሸጥለት የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? … እዚህ ታሪክ ውስጥ ሞኙን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ያገኘሁት ወረቀቱን ብቻ ነው።

ዴልማር ‘ረስቶ ነው’ ይላል። ሰው ይረሳል፣ ምን ይደረጋል? እኔም ረስቶ ነው እላለሁ። እንዴት አይረሳ? ብዙ ሥራ አለበት። የአቪዬሽን ማኅበሩ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ አሉ፣ ደግሞ ንግግሩ አለ… ንግግሩን ልትሰሚ አይደል የመጣሽው? ቁርሱ እንዳለቀ፣ እዚያ ትልቁ ሃንጋር ውስጥ። ‘አሮጌ አውሮፕላንዎን ቀላልነቷን ሳያሳጡ እንዴት ያድሳሉ’ ነው ርዕሱ።

ምነው ሹካሽን አስቀመጥሽ?

አዎ። እሱ ራሱ ነው ተናጋሪው። አላወቅሽም ነበር? እንዴ፣ በዚህ ነገር እሱን የሚያህል ሰው በሦስት ክፍለ ሀገር አይገኝም! ስንት ዓመት ያስተምራል መሰለሽ። ያን ዓመት በየካቲት አስተማረ፣ በመጋቢት የአውሮፕላናችንን ቁጥር ከፍ አስደረገ፣ በግንቦት ደግሞ አስተማረ። ሰሌዳው ላይ ቀይ መስመር ይሰምራል። ‘ይህችን መስመር አንዴ ካለፋችሁ?’ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰዉ ሁሉ እንደ ሰንበት ተማሪ ‘ለዘላለም!’ ብሎ ይመልሳል። እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። ደስ ይላል። የመርሳት ነገር አይገርምሽም? የዘፈኑን ደራሲ ግጥሙ ሲጠፋው ማለት እኮ ነው።

እና አንቺም እዚያ ስትገቢ ፊት ወንበር ያዢ። እጅሽን አውጪና ‘ጌታዬ፣ አንዴ ካለፈች በኋላ ትመለሳለች ወይ?’ ብለሽ ጠይቂው። ሲመልስልሽ ፊቱን እይልኝ። ያምርበታል። እኔ ከኋላ ስለምቀመጥ ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም።

ከኋላሽ ምን ወደቀ፣ ሹካ ነው? ተይው፣ አታንሽ። ሌላ ይሰጡታል። የተሻሻለ።

እንዳይመስልሽ፣ ዴልማርን አልጣለውም። በወር አንዴ ይዞት ይወጣል። በቀኝ በኩል ያስቀምጠዋል። ደህና ከፍታ ላይ ሲደርሱ ‘በል ትንሽ ያዛት’ ብሎ ማርሿን… ምን ነበር የምትሉት፣ መሪዋን ያስይዘዋል። እሱን ያስተማረው ማን ይመስልሻል? አባትየው ትዕግሥት አልነበረውም፣ ታናሹን ያስተማረው ዴልማር ነው። አሁን ደግሞ ተራው ደረሰና ያስይዘዋል። ዴልማር ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ እራቱን ሳይበላ ይተኛል። የፈረደበት አየር፣ ድካም አለው መሰለኝ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ተረት ነበር ድሮ። የዴልማር ላም ግን እውነት በሰማይ ናት፤ ቀና ብሎ ያያታል፣ ድምጿንም ይለያል። የሚያልባትንም ሰው ያውቀዋል፣ ቢያውቀውም ስሙን አይጠራም። በቤታችን ሰላም ወርዷል ልጄ! ድሮ ‘የዚህ እሁድ ተራ የማነው’ እየተባለ ትንሽ ትንሽ ይጨቃጨቁ ነበር። አሁን እሁድ ሁሉ የአንድ ሰው ስለሆነ ክርክር ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እሰማለሁ፣ እኔ ግን አልስማማም። ዴልማር መች ተመነጠረ? ተሻሻለ እንጂ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ደግነት ስሚልኝ። ከሽልማቱ በኋላ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ዴልማር የአውሮፕላኗን ግማሽ ለታናሹ እንዲፈርምለት ተነጋግረዋል። ‘የማትበርባትን ነገር ምን ታደርግልሃለች? ሸክሙን ላቅልልህ’ አለው። አየሽ? ክብደት ማቅለል እንደሚያውቅ በዚህ ታውቂያለሽ። ሲፈልግ ይችልበታል! ወረቀቱም ተዘጋጅቷል፣ ብዕርም ከነክዳኑ ይዞ መጥቷል። ዴልማር እሺ አለ። ምን ይበል? ‘ወንድሜ ነው ቨርላ፣ ስለ አንድ ቆርቆሮ አልጣላም’ አለኝ። ቆርቆሮ አላት! አባቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያበረረባትን።

እኔም ፈርም አልኩት። ለምን እከለክላለሁ? ብቻ ዛሬ አንድ ነገር ተቸግረናል፣ የዴልማር የንባብ መነጽር ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ገለባበጥነው፣ መኪናውን ፈተሽነው። ሳያነብ አይፈርምም፣ ይሄ የአባቱ አደራ ነው። የት ይግባ መሰለሽ? … ይሄን ቦርሳዬን ወደዚያ አድርጊልኝ እስኪ፣ አትጫኚው። የሚሰበር ነገር አለው።

ነገም ሳይጠፋ አይቀርም ይሄ መነጽር። ከነገ ወዲያም። አሮጊት ስሆን እኔም የመርሳት በሽታ ጀመረኝ፤ በቤተሰባችን ያለ ነገር ነው።

በይ ብይ፣ በልተሽ ጨርሺ። ንግግሩ ሊጀመር ነው፣ ተናጋሪውም ተነስቷል… ሳህኑን እንኳ ሳይጨርስ። ምነው፣ ፓንኬኩ ከበደው? ቀስ ይበል፣ እዚህ የሚመዝነው የለም።

እነዚያን ሁለት ጎልማሶች ታያቸዋለሽ፣ ሪባኑ አጠገብ ቆመው ፎቶ የሚነሱትን? የሱ ልጆች ናቸው። ደስ አይሉም? ቁመናቸው፣ አፍንጫቸው፣ ዓይናቸው ሁሉ የሱ ነው። አባታቸውን ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ነው፤ የሠራውን ሁሉ ቆመው አይተዋል፣ ያንን ሞተር ሲገጥምም ያገዙት እነሱ ናቸው። ደህና አድርጎ አስተምሯቸዋል። ቤቱንም ሃንጋሩንም አውሮፕላኗንም ለነሱ ሊያወርስ፣ እሱም ሲደክመው እነሱ እጅ ሊጦር ነው ሐሳቡ። ‘ልጆቼ አይጥሉኝም’ ይላል። እንዴት ይጥሉታል?

እኔ ቂም የለብኝም። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሰው ሲነሳ መርቆ መሸኘት ያሳደጉን ልማድ ነው። እስኪ ጮክ ብዬ ልመርቀው፣ ለበረከት ነው። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት! ጤናውን አይንሳው፣ ልቡን ያጽናለት፤ ሐኪሙ መቶ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይፈርምለት። ልጆቹን ይባርክለት። አንድ ፀጉር እንኳ ሳይለዩ አባታቸውን ይምሰሉለት! አርጅቶ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቁልፉን አምኖ ሲያስረክባቸው፣ እሱ ለወንድሙ እንደሆነለት ሁለቱም እንዲያው ይሁኑለት።

አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።